ቻይና ያላችሁ ልጆች፣ በኦክቶበር 1 ሻንጣ አታንሱ

ቻይናን በርካሽ እንዴት እንጎብኝ ለምትሉኝ፣ ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እያለሁ የኦክቶበር ዕረፍት፣ ማለትም የቻይና ብሔራዊ በዓል፣ ደረሰና ከሦስት ሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ቤጂንግ ሄድን። ሰባት ቀን ዕረፍት አለን፣ ትንሽ ፍራንክ አለን፣ ሌላ ምን ቀረን ብለን። ኦክቶበር 1 ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ነው የሚውለው፣ የግሸን ማርያም ዕለት። ግሸንን በንግሥ ቀን ያየ ሰው ታላቁ ግንብ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ሳልነግረው ይገባዋል። ልዩነቱ ግሸን ላይ ሰው የሚጋፋው ለበረከት ነው። እኛ የፊታችንን ሰውዬ ቦርሳ ስናይ ውለን ተመለስን። ፎርቢደን ሲቲ የሚሉት የነገሥታቱ ግቢ ደግሞ ትኬቱ ገና ሳንነሳ አልቆ ነበር። ያደርንበት ቤት በአዘቦት ቀን ከሚጠይቀው እጥፍ አስከፈለን።

ስለዚህ ርካሽ ጉብኝት ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ መቼ ትሄዳላችሁ ብዬ ነው። የኦክቶበርን ሳምንትና የሜይ 1ን ዕረፍት እዚያው ያላችሁበት ከተማ አሳልፉት። የቻይና አዲስ ዓመት ለብቻው ነው፤ የባቡር ትኬት መከራ ነው፣ የሰፈሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ባለቤቶቹ አገራቸው ስለሚገቡ ይዘጋሉ።

«ታዲያ ዕረፍት ያለን ያኔ ብቻ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አውቃለሁ። ግን በኖቬምበር ውስጥ በአንዱ ዓርብ ማታ ተነስታችሁ እሁድ ማታ ብትመለሱ ከዚያ ሰባት ቀን የበለጠ ታያላችሁ። ብርዱ አለ፣ ካፖርት ልበሱ። የፎርቢደን ሲቲ መግቢያ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከ60 ወደ 40 ዩዋን ይወርዳል። ትኬቱ ከሰባት ቀን በፊት ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚያዘው፣ ሰኞ ዝግ ነው። በር ላይ እቆርጣለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ካመለጣችሁም አትዘኑ፤ ከሰሜኑ በር ፊት ለፊት ጂንግሻን የሚባል ኮረብታ አለ፣ መግቢያው 2 ዩዋን ነው፣ ከላይ ሆናችሁ የግቢውን ቢጫ ጣሪያ በሙሉ ታዩታላችሁ። እኛ ያን ጊዜ ያዳነን እሱ ነው።

ለግንቡ አስጎብኚ ድርጅት አያስፈልጋችሁም። ቤጂንግ ውስጥ ደሸንግመን ከሚባለው ቦታ 877 ቁጥር አውቶቡስ በ12 ዩዋን ባዳሊንግ የሚባለው የግንቡ ክፍል ያደርሳችኋል። ፌርማታው አካባቢ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ «ዛሬ አውቶቡስ የለም፣ በኔ መኪና ልውሰዳችሁ» ካላችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። ቱሪስት የሚበዛበት መንገድ ላይ «እንግሊዝኛ ልለማመድ፣ ሻይ እንጠጣ» የሚሉ ተግባቢ ልጆች ሲመጡም እንደዚያው፤ የሻዩን ሒሳብ ስታዩ ቡና ትናፍቃላችሁ። ፎቶ አብራችሁን ተነሱ የሚሉት ግን ሌላ ናቸው፣ እነሱ ምንም አያደርጓችሁም፣ ከደከማችሁ «አይ» ማለት መብታችሁ ነው።

ሻንጋይ ብዙው ነገር ነፃ ነው። «ዘ ባንድ» የሚሉት የወንዙ ዳር መንገድ ላይ በእግር መሄድ ነፃ፣ የሻንጋይ ሙዚየም ነፃ። ወንዙን ለመሻገር 50 ዩዋን የሚያስከፍል ባለመብራት ዋሻ አለ፣ ተዉት። የሠራተኛው ጀልባ በ2 ዩዋን ያሻግራችኋል፣ ያውም ከተማውን እያያችሁ።

ጓንግዡ ያላችሁ ነጋዴዎች ሻሚያን ደሴትን እንኳ ሳታዩ ዓመት እንደምትቆጥሩ አውቃለሁ፤ አፍሪካውያን ከሚበዙበት ሻውቤይ ሰፈር ወጣ በሉ እንጂ። ዘመድ ከአገር ቤት ስትጠሩ ግን ካንቶን ፌር የሚሉትን የጓንግዡ ትልቅ የንግድ ትርኢት ሰሞን ዝለሉት፣ የአልጋ ዋጋ ያኔ አይቀመስም።

ባቡር ላይ ፈጣኑ ከጓንግዡ ቤጂንግ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አረንጓዴው ዘገምተኛ ባቡር ከ20 ሰዓት በላይ፣ ግን በጣም ይረክሳል። ባለ ሦስት ደርብ አልጋውን ከያዛችሁ የሆቴል አዳር ተረፈ። ፔርሙዝ ያዙ፣ ፉርጎው ውስጥ የፈላ ውኃ በነፃ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ። የኛ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል እነሱን ያምታታቸዋል፣ እኔ አንዴ በዚሁ ጣጣ ባቡር አምልጦኛል።

ምግብ ላይ ሙስሊም የሆናችሁ የላንዡ ኑድል ቤት የትም አታጡም፣ በርካሽ ትጠግባላችሁ። የምትጾሙ ደግሞ ቶፉና አትክልት ነው ብላችሁ ብቻ አትመኑ፣ መረቁ የሥጋ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ።

ሐበሻ ጓደኛ ቤት ማደር ከሁሉም ይረክሳል። ግን በ24 ሰዓት ውስጥ አካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ሆቴል ቢሆን እነሱ ራሳቸው ያስመዘግቧችኋል። «ተወው ባክህ፣ ማን ያያል» የሚል ጓደኛ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ቅጣቱ እስከ 2,000 ዩዋን ይደርሳል። በዚያ ብር ያቺን የሻንጋይ ጀልባ ሺህ ጊዜ ትሻገሩባታላችሁ።