የተማሪ ሳተላይት ሰርቨር፦ መጀመሪያ ጥሬውን አስቀምጡ

ሰላም ወንድሜ። «ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ኪዩብሳት (ትንሽ ኩብ ሳተላይት) እየሠራን ነው፤ ለቴሌሜትሪው (ስለ ራሷ ሁኔታ ለምትልከው መረጃ) ምን ዓይነት ሰርቨር እንግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። ተማሪ ሳለሁ ይሄው ሥራ እኔ ላይ ወድቆ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርህ።

ለግዢው አትጨነቅ። ሳተላይታችሁ በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም፣ ማለትም 256 ባይት ያለው የመረጃ ጥቅል፣ ትልካለች እንበል። በአንድ የሬዲዮ መቀበያ ጣቢያ ላይ ስታልፍ የምትሰማው ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው። 60 ፍሬም፣ 15 ኪሎባይት፣ አለቀ። ርካሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ ሊኑክስና ፖስትግሬስ (የመረጃ ቋት ሶፍትዌር) ጫኑበት፤ ይበቃል። አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል፣ መብራት ካልጠፋ።

ራስ ምታቱ ሌላ ነው። እኛ ፍሬሙ እንደደረሰ ዲኮድ አድርገን (ባይቶቹን ወደ ሙቀትና መሰል ቁጥሮች ፈትተን) ቁጥሮቹን ብቻ እናስቀምጥ ነበር። ጥሬውን ባይት ጣልነው። ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ደግሞ «ስህተት ነው» ተብሎ እንዲወገድ ኮድ ጻፍኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! ግራፉ አማረ፤ ባትሪው ከዜሮ በታች ወርዶ አያውቅም ብለን ፎከርን። በኋላ ሳየው ግን ሳተላይቷ የምድር ጥላ ውስጥ በገባች ቁጥር መስመሩ ይቆረጣል። ለካ ኮዴ የመቀነስ ምልክት አያውቅም። −4 ዲግሪ ሲመጣለት 6549.6 ብሎ ያነበዋል። ባትሪያችን ከፀሐይ ገጽ በላይ ሞቃ ነበር ማለት ነው። ማጣሪያው ደግሞ ይጥለዋል። ጥሬው ስላልነበረን የሁለት ሳምንት የቅዝቃዜ መረጃ እንደወጣ ቀረ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ የጥሬ ፍሬም ይሁን፦ ባይቶቹ እንዳሉ፣ የተቀበለው ጣቢያ መለያ፣ የደረሰበት ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)። ከዚያ ምንም አይሰረዝም። ዲኮድ የተደረገው ሌላ ሠንጠረዥ ይግባ፤ ኮዱ ሲታረም እንደገና ይሠራል።

ሰዓት ላይ የኛ ሰው ይጠንቀቅ። አንድ ክረምት አገር ቤት ሆኜ ያዳመጥኩትን «ጠዋት 3:00» ብዬ በልማዴ መዘገብኩት። በዩቲሲ 6:00 ነበር። በ3 ሰዓት ልዩነት ሳተላይቷ ምድርን ሁለት ጊዜ ገደማ ትዞራለች፤ ከምህዋር ስሌቱ ጋር አልገጥም ብሎ ግማሽ ቀን አቃጠለኝ። የሳተላይቷንም ሰዓት አትመኑ። ሪስታርት ባደረገች ቁጥር ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት መቁጠር ወደሚጀምሩበት 1970 እ.ኤ.አ. ልትመለስ ትችላለች። እያንዳንዱ ፍሬም ተራ ቁጥርና የሪስታርት ቆጣሪ ይኑረው። አንዱን ፍሬም አሥር ጣቢያ ሲልክላችሁም ድግግሞሹን የምትለዩት በዚያ ነው።

አድማጭ ደግሞ ከቡድናችሁ ውጭ ፈልጉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተወነጨፈችው ፈንኪዩብ-1 የተባለች ኪዩብሳት መረጃዋን የሰበሰበችው በየቤቱ ካሉ የሬዲዮ አማተሮችና ከተማሪዎች ነው፤ ኮምፒውተራቸው የሰማውን በኢንተርኔት ወደ አንድ ማዕከል ይልካል። ዛሬ ሳትኖግስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች የጣቢያ መረብ አለ። ሳተላይታችሁን እዚያ አስመዝግቡ፤ የሰበሰቡትን ፍሬም በኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በር) ወደ ሰርቨራችሁ መሳብ ትችላላችሁ። ለዚህ ግን የፍሬሙን አሠራር ከመወንጨፏ በፊት ለሕዝብ ክፈቱት።

የባይቶቹን ሠንጠረዥ ከጀመራችሁ እዚህ ለጥፈው። የመቀነስ ምልክቱን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ።