ልጆች፣ የተሸነፈችዋን ተከታተሏት

ውድ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ቴኒስ ሳሰለጥን የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ 2025ቱ የሴቶች ሲዝን (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ትንሽ ላውራችሁ። ሲዝን ሲያልቅ ሁላችሁም የምትጠይቁት ማን ዋንጫ በላ ብላችሁ ነው፣ እሱ ባጭሩ ያልቃል፦ አውስትራሊያን ማዲሰን ኪስ፣ ሮላንድ ጋሮስን ኮኮ ጋውፍ፣ ዊምብልደንን ኢጋ ሽቪዮንቴክ፣ ዩኤስ ኦፕንን አሪና ሳባሌንካ ወሰዱ፣ እነዚህ አራቱ ግራንድ ስላም የሚባሉት ታላላቅ ውድድሮች ናቸው፣ ማሳረጊያው ላይ ሪያድ የዓመቱ ምርጦች ብቻ የሚገናኙበትን ደግሞ ኤሌና ሪባኪና። በቃ። ግን እኮ በእያንዳንዱ ውድድር ከአንዷ በቀር ሁሉም ተሸንፈው ነው የሚሄዱት፣ ሻምፒዮኖቹም ቢሆኑ አብዛኛውን ሳምንት እንደዛው ናቸው፣ ስለዚህ ይሄን ስፖርት መማር የሚፈልግ ልጅ ከሽንፈት በኋላ የሚሆነውን ነው መከታተል ያለበት።

የአማንዳ አኒሲሞቫን ነገር እዩ። በ2023 ዝላ፣ ጭንቀቱም በዝቶባት ለወራት ከቴኒስ ራቀች፣ 2024 ላይ ተመልሳ የዊምብልደንን ማጣሪያ እንኳን ማለፍ አቃታት። በዓመቱ እዛው ዊምብልደን ሳባሌንካን ጥላ ፍጻሜ ገባች። ከዛስ? ሽቪዮንቴክ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት፣ በ57 ደቂቃ፣ አኒሲሞቫ አንድ ጌም እንኳን ሳታገኝ። በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ውጤት ከ1911 ወዲህ ታይቶ አያውቅም። ከዚህ በጣም ባነሰ ሽንፈት ራኬታቸውን ሰቅለው የቀሩ ስንት ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ መሰላችሁ፣ አሁንም ሳስባቸው ያንገበግበኛል። እሷ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ዩኤስ ኦፕን ሩብ ፍጻሜ ላይ ያችኑ ሽቪዮንቴክን አገኘቻት፣ ከመግጠሟ በፊትም ያንን የዊምብልደን ጨዋታ እያመማት መልሳ አየችው፣ የቱን መድገም እንደሌለባት ለማወቅ። 6 ለ 4፣ 6 ለ 3 አሸነፈች።

እናንተ ደግሞ የተሸነፋችሁበትን ቪዲዮ ከስልካችሁ ታጠፉታላችሁ! አታጥፉት። በዛው ቀን እዩት አልልም፣ ግን ቀጣዩ ግጥሚያ ሳይደርስ እዩት። ሰውነታችሁና አእምሯችሁ እምቢ ካላችሁም እንደሷ እረፍት ውሰዱ፣ ለወራት ስለራቃችሁ የሚያልቅባችሁ ነገር የለም።

ኪስም ብትሆን በ2017 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ላይ በስሎን ስቴፈንስ 6 ለ 3፣ 6 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። ከዛ በኋላ ስንት ዓመት ጠበቀች፣ ከ2025 ሲዝን በፊት ለረጅም ጊዜ የለመደችውን ራኬት ቀየረች፣ በ29 ዓመቷ የመጀመሪያ ግራንድ ስላሟን በላች፣ ያውም ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሽቪዮንቴክ ማች ፖይንት ይዛባት፣ ማለትም ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት።

እኔን በጣም ያስተማረችኝ ግን ሳባሌንካ ናት። የዓለም አንደኛ ሆና አውስትራሊያ ላይ በኪስ ስትሸነፍ ራኬቷን ሰባበረች፣ ፓሪስ ላይ በሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ከጋውፍ ጋር በነፋስ ስትጫወት 70 ኳስ ማንም ሳያስገድዳት አበላሸች፣ ከጨዋታው በኋላም ስለ ጋውፍ ያልሆነ ነገር ተናገረች። ይሄ ትክክል አልነበረም፣ እሷም ስህተቷን አምና ጋውፍን ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔ ትልቅ ነገር ነው የምለው። ኒው ዮርክ ላይ በዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ከአኒሲሞቫ ጋር ሁለተኛውን ሴት (የጨዋታውን ሁለተኛ ክፍል) 5 ለ 4 እየመራች ለዋንጫው ሰርቭ እያደረገች ሳለ ቀላል ስማሽ አበላሸች፣ ጌሙንም ተነጠቀች። የአውስትራሊያዋ ወይም የፓሪሷ ሳባሌንካ ብትሆን እዛ ላይ ትፈርስ ነበር፣ ይቺኛዋ ግን ሴቱ እኩል ሲሆን የሚለየውን ታይብሬክ 7 ለ 3 ጨረሰችው። ቅጂውን ፈልጋችሁ ከዛች 5 ለ 4 ጀምራችሁ እዩልኝ፣ ኳሱን ትታችሁ በአንዱ ነጥብና በቀጣዩ መሃል ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ፣ ከዛ ነገ ልምምድ ላይ እናንተ ነጥብ ስታጡ ምን እንደምታደርጉ ጓደኛችሁ ይቅረጻችሁ።