ልጄ በጉን «ኩቲ» ይለዋል፣ ጭንቅላቱ ባዶ ሆኖ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ልጄ 1 ዓመት ከ7 ወሩ ነው፣ የጎረቤት ውሻ አለ እሱን «ኩቲ» ማለት ለምዷል፣ ለበዓል በግ ገዝተን ስናስገባ ግን ሮጦ ሄዶ «ኩቲ! ኩቲ!» አለው፣ መንገድ ላይ አህያ ሲያይም እንደዛው። ባለቤቴ «የልጅ ጭንቅላት ነጭ ወረቀት ነው፣ ካልጻፍሽበት ከየት ያመጣዋል» ይለኛል። እውነት ሰው ባዶ ሆኖ ነው የሚወለደው?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም አትጨነቂ። ልጅሽ ኩቲ ሲል አራት እግር ያለው፣ ፀጉራም፣ በራሱ የሚሄድ ነገር ማለቱ ነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም አልነገረውም፣ ከአንድ ውሻ ተነስቶ ራሱ ነው ያወጣው። ወንበርም እኮ አራት እግር አለው፣ ወንበሩን ኩቲ ብሎት ያውቃል? ሐሳቡ አለው፣ ያጠረው ቃል ነው፣ ቃል ሲበዛለት እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ይጀምራል።

የባለቤትሽ አባባል የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ አእምሮ ሲጀመር ነጭ ወረቀት ነው፣ የሚጻፍበትም ከልምድ ነው ይል ነበር። ዊሊያም ሞሊኑ የሚባል የአየርላንድ ሰው በ1688 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ላከለት፦ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ኳስና ኪዩብ በእጁ ዳስሶ ይለያል እንበል፣ ዓይኑ ቢበራለት ሳይነካ በማየት ብቻ የቱ ኳስ የቱ ኪዩብ እንደሆነ ያውቃል? ሎክ አያውቅም አለ። ክርክሩ 300 ዓመት አልፎት ህንድ ውስጥ የአእምሮ ተመራማሪው የፓዋን ሲንሃ ቡድን ሲወለዱ ጀምሮ የማያዩ፣ በኋላ ግን ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ዓይናቸው የበራ 5 ልጆችን ፈተነ፣ ውጤቱ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹ መጫወቻ ብሎክ የመሰለ ነገር በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ ከዛ ሁለት ነገር ፊታቸው ተቀምጦ የነካችሁት የቱ ነው ይባላሉ፣ በግምት ነው የመለሱት ማለት ይቻላል፣ ሁለቱንም በዓይን ሲያዩ ግን መለየት አላቃታቸውም። እኔን የሚገርመኝ በቀናት ውስጥ ብቻ በጣም መሻሻላቸው ነው፣ እጅና ዓይን እንዲህ ቶሎ ተግባቡ!

ታዲያ ሎክ እዚህ ላይ ልክ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ ነን ማለት አይደለም። ገና የተወለደ ሕፃን የሰው ፊት የሚመስል ስዕል ሲያሳዩት ዓይንና አፉ ከተዘበራረቀው ስዕል ይልቅ እሱን በዓይኑ ይከተላል፣ የእናቱንም ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል፣ ሆድ ውስጥ እያለ ሲሰማው ነበራ። ስለዚህ እኔ ወረቀት ከምለው ብራና ብለው ይሻለኛል፣ ብራና ላይ ጸሐፊው ቀለም ሳያስነካው በፊት በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምርበታል፣ ጽሑፉ ገና ነው፣ መስመሩ ግን አለ።

በጉ ገና ካልታረደ እጁን ይዘሽ ፀጉሩን አስዳብሺው፣ ሲጮህ አብራችሁ ስሙት፣ «ኩቲ አይደለም» እያልሽ ከምታርሚው ዝም ብለሽ «አዎ፣ በግ! በጉ ባአአ አለ» በይው።