ጉድጓዱን ተወው፣ ወለሉን ከፍ አድርገው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። አንዲት የድሮ ኮሮላ አለችኝ። ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ሲመቸኝም ፍሪሲዮን ማውረድ ራሴ እሠራለሁ። እስካሁን የምሠራው ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው አያስጠጋም። ከቤቱ ጎን 4 በ7 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ስላለኝ ጋራዥ ልሠራበት አስቤያለሁ። መሃሉ ላይ፣ እንደ ትልልቆቹ ጋራዦች፣ ወርጄ ከሥር የምሠራበት ጉድጓድ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ጥልቀቱ ስንት ይሁን? ወለሉንስ በምን ልሥራው? ገንዘቤ ብዙ ስላልሆነ አንድ ጊዜ ሠርቼ ብገላገል ደስ ይለኛል። ይምከሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቦታህ ይበቃል። ኮሮላ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ30፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ከፊት ለፊቷ ለጠረጴዛና ለሞርሳ ከ2 ሜትር በላይ ይተርፍሃል። መኪናዋን ትክክል መሃል ላይ አታቁማት፤ ወደ አንዱ ግድግዳ ትንሽ አስጠጋትና በሌላው በኩል ጎማ አውርደህ ቁጭ ብለህ የምትሠራበት ሰፊ ቦታ ይኑርህ።

ጉድጓዱን ግን ተወው። ሌላ ከተማ ብትሆን እንነጋገርበት ነበር። ባሕር ዳር ላይ፣ ያውም ሐይቁ አጠገብ፣ የሚከራከርህ ውሃው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው ጥር ወይም መጋቢት ላይ ቆፍሮ አፈሩን ደረቅ ሲያገኘው ነው። "አየህ፣ ውሃ የለም" ይላል፤ ግድግዳውን ገንብቶ፣ ለስኖ፣ መሰላል በይዶ ይጨርሳል። ጣና ግን ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃም ያን ጊዜ ወደ ላይ ይወጣና በልስኑ ስንጥቅና በማዕዘኑ እየገባ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ማመን ካቃተህ የውሃ ጉድጓድ ያለው ጎረቤትህን ጠይቅ። በግንቦት ገመዱ ስንት ሜትር ይወርዳል፣ በመስከረምስ? መልሱን ከእሱ ታገኘዋለህ።

ውሃ የማያስገባ የኮንክሪት ጉድጓድ መሥራት አይቻልም አይደለም፣ ይቻላል። ግን አንተ ባለህ ገንዘብ የሚሆን ሥራ አይደለም። ሌላም ነገር አለ፤ እኔን ከውሃው በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። የነዳጅ ቱቦ ስትፈታ፣ ወይም ታንከሩ ትንሽ ሲያንጠባጥብ፣ ትነቱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። አንተም እዚያው ነህ። በእጅህ የያዝከው አምፖል ቢሰበር ወይም ገመዱ ብልጭ ቢል መውጫው አንድ መሰላል ብቻ ነው። በትልልቅ ጋራዦች ጉድጓዱ አየር ማስወጫ ይሠራለታል፣ የመብራቱም ዓይነት ተመርጦ ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ለጉድጓዱ ያሰብከውን ገንዘብ ወለሉ ላይ አውለው። የአብዛኛው ሰፈራችን አፈር ጥቁር ነው። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ ያብጣል። በላዩ ላይ በቀጥታ ኮንክሪት ካፈሰስክ በሁለተኛው ክረምት ወለሉ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር አውጣው። የምትችለውን ያህል፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ቆርጠህ ጣለውና በገረጋንቲ ተካው። ገረጋንቲውን አንድ ጊዜ ደፍተህ አትተወው። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፍክ በማሽን አስደልድለው። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ደርድር፤ ድንጋይ እዚህ አገር አይቸግርም። ክፍተቱን በጠጠር ሙላ፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፍበት፣ 8 ቁጥር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተሻገረ ይታሰር፤ ኮንክሪቱ ከዚያ በላይ ይምጣ።

ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 4 በ7 ላይ ሲሰላ ከ3 ሜትር ኪዩብ ትንሽ ይበልጣል፤ ለዚህ 12 ኩንታል ገደማ ስሚንቶ ይበቃሃል። አንድ እጅ ስሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ሠራተኞቹ ለማፍሰስ እንዲቀላቸው ውሃ ያበዛሉ፤ እዚያው ቆመህ ከልክላቸው፣ ቀጥኖ የፈሰሰ ኮንክሪት ጥንካሬ የለውም። ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን ስለሆነ ክሪክ ለማቆም አትቸኩል። የክሪክ ጎማ ትንሽ ነው፣ ክብደቱን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጥለው።

የወለሉ ከፍታ ዋናው ጉዳይ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው ግቢህ ውስጥ የት ድረስ እንደደረሰ በአጥሩ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር እይ። ወለሉ ከዚያ መስመር ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ወደ በሩ በኩል በአንድ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዘቅዝቀው። ከዚያ ካለፈ ክሪክ ላይ ያለ መኪና መንሸራተት ይጀምራል።

ከሥር ለመሥራትስ? ከወፍራም ላሜራና ከአንግል ብረት 25 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ከፍታ ያላቸው ሁለት መወጣጫዎች ብየዳ ቤት አሠራ። ለዘይት ለውጥ የፊት ጎማዎቹን በእነሱ ላይ ታወጣለህ፣ የእጅ ፍሬን ትይዛለህ፣ የኋላ ጎማዎቹን ትደግፋለህ፣ አለቀ። ጎማ ለሚወርድበት ሥራ ደግሞ አራት የብረት መደገፊያዎች ግዛ፤ ክብደት የሚችሉትን፣ ማስተካከያ ጥርስ ያላቸውን። እዚህ ላይ እለምንሃለሁ፦ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አትግባ። የክሪክ ጎሚኒ ሲያልቅ ምልክት አይሰጥም። ብሎኬትም አትደግፍ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆሞ ቆሞ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። ብዙ መካኒክ ይህን እያወቀ "አምስት ደቂቃ ናት" ብሎ ይገባል። መኪናዋን በመደገፊያው ላይ ካሳረፍክ በኋላ ከመግባትህ በፊት በእጅህ ጠንከር አድርገህ ግፋት። ከተነቃነቀች አውርደህ እንደገና አንሳት።

ጣሪያው ከ2 ሜትር ከ80 አይነስ፤ ኮፈኑ ሲከፈት እንዳይነካህ። ክዳኑ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፣ ውሃው ወደ ራስህ ግቢ ይውረድ። ወደ ጎረቤት ከወረደ ጋራዡ ሳያልቅ ጠብ ይጀምራል። መብራቱን ከቤቱ ሶኬት በማከፋፈያ አትጎትተው፤ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ከነብሬከሩ ይውጣለት፣ የምድር ሽቦውም አይረሳ። እርጥብ ወለል ላይ ቆመህ ነው ድሪል የምትይዘው። መሠረት ከማውጣትህ በፊት ደግሞ ክፍለ ከተማህ ሄደህ ፈቃዱን ጨርስ። ቁፋሮውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብታደርገው ገረጋንቲውም ኮንክሪቱም ዝናብ ሳይነካቸው ያልቁልሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ግቢያችን ውስጥ መኪና መጠገኛ ሠርቷል። ሥራውን አልጠላሁበትም፣ እጁ የተባረከ ነው። ግን ቤንዚን ሲጠፋ ብሎ በጀሪካን ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ ቡና አፈላለሁ። ተከራዮችም አሉ። "ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ አትስጊ እማ" ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ክዳኑ ቢጠብቅም የፕላስቲክ ጀሪካን በሙቀት ያብጣል፣ ሲከፈት ትነቱ ይወጣል። ትነቱ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰል ማንደጃው ጋ ሊደርስ ይችላል። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ቤንዚን ካስፈለገው መኪናው ታንከር ውስጥ ይቀመጥ። ቤቱ ውስጥም፣ ጋራዡ ውስጥም፣ ደረጃ ሥርም ጀሪካን አይኑር። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ይስቀል። ጥግ ላይ አይሁን፤ እሳቱ ከተነሳ ጥጉ ጋ መድረስ አይቻልም። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋም ይኑር። የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ያስፋፋዋል፤ ይህን ለተከራዮቹም ይንገሯቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ክረምት ላይ ብርዱን ፈርቶ በሩን ዘግቶ ሞተር እንዳያስነሳ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራሱን አመመኝ ሲል ቆይቶ ይወድቃል። ግድግዳው ከላይም ከታችም አየር ማስገቢያ ይኑረው። ቡናዎን ግን ራቅ አድርገው ያፍሉ።

ጥያቄ፦ ከዘንዘልማ ነው የምጽፍላችሁ። የጋራዤን ቋሚዎች ከባሕር ዛፍ ላቆም ነው። ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይሉኛል። የተረፈውን ደግሞ አቧራ እንዲይዝልኝ ግቢ ላይ ብደፋው ምን አለበት?

መልስ፦ አትድፋው፣ ወንድሜ። የምትደፋው ዘይት በመጀመሪያው ዝናብ ከግቢህ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ነው የሚሄደው። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ያመጣው የብረት ብናኝና ሌላም መርዝ አለበት። ከዚህ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን። ጣና ጥልቀቱ በጣም ሲበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከስፋቱ ጋር ሲታይ ትንሽ ነው፤ የገባበትን ሁሉ የሚችል ውሃ አይምሰልህ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። እንቦጩ ያደረሰበት ሳያንሰው ዘይት አንጨምርበት።

ቋሚውንም አትቀባው። አፈር ውስጥ የገባው ጫፍ ዘይቱን ቀስ በቀስ ለአፈሩ ይሰጣል፣ ምስጡም ዘይቱ ሲሳሳ ይመለሳል። ይልቅ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት እግር አፍስስ፣ ጠፍጣፋ ብረት አስቀብርበት፣ እንጨቱን በቡሎን እሰርበት። እንጨቱ አፈር ካልነካ ምስጥ የሚመጣው በኮንክሪቱ ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ነው፤ ያንን በዓይንህ አይተህ በመጥረጊያ ታፈርሰዋለህ።

ዘይቱን በ20 ሊትር ጀሪካን አጠራቅመው። አንድ ትንሽ መኪና በአንድ ቅያሪ ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው የምታወጣው፤ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። ውሃም ቤንዚንም አትቀላቅልበት። ሲሞላ ዘይት በብዛት ወደሚቀይሩ ግራሶ ቤቶች ውሰደው፤ እነሱ በበርሜል ያጠራቅማሉ፣ የሚረከባቸውም ሰው አላቸው። አሮጌውን ፊልትሮም አብረህ ውሰደው፤ ከመውሰድህ በፊት ግን አንድ ሌሊት ደፍተህ አንጠፍጥፈው።