ለእንቁጣጣሽ ከመቀባትዎ በፊት ውሃው ከየት እንደሚገባ ይወቁ

ጥያቄ፦ ኮልፌ የምንኖርበት ቤት የጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከአምስት ዓመት በፊት ከጎኑ በብሎኬት አንድ ክፍል ቀጠልንበት። ዘንድሮ ከሐምሌ ጀምሮ ሁለቱ የሚገናኙበት ጋ ኮርኒሱ ጠቁሯል፤ ዝናብ ሲበረታ ባልዲ እናስቀምጣለን። የሳሎኑ ግድግዳ ደግሞ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተላጦ ነጭ ነገር አውጥቷል። ቀቢው «ስቱኮ አድርጌ በዘይት ቀለም ልዝጋው፣ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል» ይለናል። እናስቀባው?

መልስ፦ ያንን ግድግዳ አሁን አያስቀቡት። ቀቢው እንዳለው ለበዓሉ ይደርስ ይሆናል፤ ግን ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ በላዩ በኩል እያስተነፈሰ ነው የሚደርቀው። ላዩን በስቱኮና በዘይት ቀለም ካፈኑት ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ዘንድሮ ጉልበት ላይ ያለው እርጥበት ለከርሞ ወገብ ጋ ይደርሳል። በውስጡ ያሉት ቋሚዎችና ማገሩ ይበሰብሳሉ፤ ምስጥም የሚወደው እርጥብ እንጨት ነው።

«ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ለቤት ግን ከቡሄ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ከሰዓት ይዘንባል። በዝናቡ ውሃው የሚገባበትን በዓይንዎ ያዩታል፣ በማግሥቱ ጠዋት ወጥተው ይደፍኑታል። ጥቅምት ላይ ሁሉም ነገር ከደረቀ በኋላ ባለሙያ ቢጠሩ በግምት ነው የሚሠራልዎ። ስለዚህ አሁን ውሃውን መፈለግና ማስወጣት፣ ቀለሙን ደግሞ ለበጋ ማቆየት ነው።

የእርስዎ ቤት ሁለት የተለያየ ችግር አለበት። ኮርኒሱ ላይ ያለው ከላይ የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ነው፣ በዘነበ ቁጥርም ይሰፋል። ጉልበት ድረስ ያለው ከታች የሚወጣ ነው፤ ከዝናቡ ጋር ወዲያው አይጨምርም አይቀንስም፣ ላዩ ላይ የተሰመረ የሚመስል መስመር ይሠራል። ነጩ ነገር ጨው ነው። ውሃው ከአፈሩና ከልስኑ ውስጥ አሟሟቶ አምጥቶት፣ ራሱ ሲተን ጨውን ላዩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። አንዱን አስተካክለው ሌላውን ከተዉት ድካምዎ ግማሹ ከንቱ ነው።

ከላይኛው እንጀምር። ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍ ቀዳዳው ከበላዩ ነው ማለት አይደለም። ውሃ በቆርቆሮው ሆድ ወይም በሞራሌው ላይ አንድ ሁለት ሜትር ተንሸራቶ ነው ጠብ የሚለው። ስለዚህ ዋናውን ብሬከር አውርደው (እርጥብ ኮርኒስና የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ላይ ሰው ይገድላሉ) ባትሪ ይዘው ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ይግቡ። የሚረግጡት ኮርኒሱን ሳይሆን እንጨቱን ነው። የእንጨቱን እርጥብ መስመር እየተከተሉ ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ አናት ይሂዱ። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ባትሪውን አጥፍተው ቢቀመጡ ደግሞ እያንዳንዱ የምስማር ቀዳዳ እንደ ኮከብ ይታያል፤ በጠመኔ ያክቡበት።

ብርሃን ሳይታይ ውሃ ከገባ በውሃ ጎማ ይሞክሩ። አንድ ሰው ውስጥ ይሁን፣ ሌላው ከመሰላል ላይ ውሃ ይልቀቅ፤ ከታችኛው ጠርዝ ይጀምርና ወደ ላይ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ለ10 ደቂቃ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ቀዳዳ ስለሚያዳርስ የትኛው እንዳስገባ አይለይም።

በርስዎ ቤት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አዲሱ ጣሪያ የጭቃውን ግድግዳ የሚነካበት መስመር ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የሚደረገው ሲሚንቶ መለሰን ነው፤ ይህ ደግሞ አይበረክትም። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ይረዝማል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። 6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም። ከአንድ በጋ በኋላ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይፈጠራል፣ በዚያ የገባው ውሃ ደግሞ ከሲሚንቶው ሥር ስለሚጠራቀም ቶሎ አይወጣም። በላዩ ሌላ ሲሚንቶ መጨመር ያንኑ ስንጥቅ መድገም ነው።

ትክክለኛው ነገር ከልሙጥ ቆርቆሮ የታጠፈ መሸፈኛ፣ ባለሙያዎቹ ፍላሺንግ የሚሉት ነው። 28 ጌጅ ይግዙ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል)፤ 35 ጌጅ ርካሽ ቢሆንም ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፣ በረዶም ይጎዳዋል። ስፋቱ ከ35 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ 15ቱ ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ 20ው ጣሪያው ላይ ይተኛል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እንደ ብሎኬት በግራይንደር ሰንጥቆ ማስገባት አይቻልም፤ ይፈረፈራል። ይልቁን ከጣሪያው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ልስኑን በመሮ ያንሱ፣ ቋሚ እንጨቱ እስኪታይ። የመሸፈኛውን የላይ ጠርዝ ቋሚዎቹ ላይ በምስማር ይምቱ፣ በላዩ የዶሮ ቤት ሽቦ ዘርግተው መልሰው ይለስኑት። ልስኑ መሸፈኛው ላይ ማረፍ አለበት እንጂ ከኋላው መግባት የለበትም። የታችኛውን ጠርዝ ከጣሪያው ጋር አያጣብቁት፤ ግድግዳው ላይ ታስሮ ጣሪያው ላይ ነፃ ሲሆን ነው ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ የማይቀደደው። ሁለት ቁራጭ ከተቀጠለ አንዱ በሌላው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይደረብ።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። መሸፈኛው ከመምጣቱ በፊት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ግድግዳው ጋ በሚደርስበት ጫፍ፣ የእያንዳንዱን ጎድጓዳ አፍ በፒንሳ ይዘው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ቀና ያድርጉት። ነፋስ የያዘው ዝናብ በመሸፈኛው ሥር ወደ ኋላ ሲገፋ ያ የቀናው ጫፍ ይመልሰዋል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተሠራ ግን መሸፈኛው አዲስ ሆኖ ቤቱ ያፈሳል፣ ሰውም ምክንያቱን አያገኘውም።

ይህ ልስን ያለበት ሥራ መስከረም ካለፈ በኋላ ቢሠራ ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ፀሐያማ ጠዋት ጠብቀው መስመሩን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ ሬንጅ ያለውን ተለጣፊ ጥቅል በእጅዎ መዳፍ እየጫኑ ይለጥፉበት። እርጥብ ላይ ከተለጠፈ በሳምንቱ ይነሳል።

ምስማሮቹንም ይዩ። ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ላይ የተመታ ካለ ውሃ በሚሄድበት መንገድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። እሱን ነቅለው በሪቬትና በሲሊኮን ይድፈኑት። ጉብታ ላይ ያለው ምስማር ከላላ ደግሞ መልሶ በመዶሻ መምታት ለጊዜው ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል። ነቅለው ከምስማሩ ወፈር ያለ፣ የጎማ ቀለበት ያለው ስክሩ ያስገቡበት። ጎማው ጠፍጠፍ እስኪል ብቻ ይጥበቅ፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት ጎማው ይተረተርና በዓመቱ እዚያው ይመለሳሉ። ጣሪያ ላይ ሲወጡ የምስማሩን መስመር ይርገጡ፣ ከሥሩ ሞራሌው አለና። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ግን በጭራሽ አይውጡ።

ሌላው፣ የዋናው ቤት ጣሪያ ውሃውን የሚጥለው አዲሱ ክፍል ጣሪያ ላይ ይመስለኛል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። በዚያ በኩል 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢኖር፣ 20 ሚሊ ሜትር በጣለበት ከሰዓት 600 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሦስት በርሜል፣ ያንን ደካማ መስመር ይመታዋል። ስለዚህ ለዋናው ጣሪያ የራሱ አሸንዳ ያስፈልገዋል። ተዳፋቱ ለ1 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ 8 ሜትር ርዝመት ካለው ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ሲባጎ ወጥረው በውሃ ልክ ይለኩ። መያዣዎቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይሁኑ፤ የአዲስ አበባ በረዶ ሲሞላበት ክብደቱ መሃል ላይ የላላውን አሸንዳ ያጎብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ መውረጃው መሄዱን ትቶ እዚያው ይተኛል። ለመውረጃው ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ብለው ያስሉ። 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ 44 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለ40 ካሬ ሜትር ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወድቅበት ግቢ ከሆነ ግን 110 ይግዙ።

አሁን ወደ ታች እንውረድ፤ በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ባልዲ ስለማያስፈልገው ማንም አያየውም። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ቤቱን አንዴ ይዙሩት። መውረጃ ቱቦው ውሃውን የሚጥለው ግድግዳው ሥር ከሆነ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ከታች ክርን ገጥመው ቢያንስ 1 ሜትር ከግድግዳው ያርቁት። ቀጥሎ የግቢውን አፈር ከውስጥ ወለል ጋር ያወዳድሩ፤ ውጪው ከወለሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ግቢ ውስጥ በየዓመቱ ጠጠርና አፈር ሲደፋበት፣ የአበባ መደብ ሲሠራበት መሬቱ ከፍ ብሎ የድንጋይ መሠረቱን አልፎ ጭቃውን ነክቶታል። ያንን አፈር በአካፋ ያንሱት፣ አበባውንም ያዛውሩት። ከግድግዳው ጀምሮ የመጀመሪያው 1 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ይዘቅዝቅ። ቦይ የሚቆፍሩ ከሆነ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቁ፤ በክረምት አፈሩ ውሃ ጠግቦ ሳለ መሠረቱ ሥር ዶማ ማስገባት ቤቱን ያናጋዋል። ዋልካ አፈር ላይማ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ኮልፌ ዳገት ስለሆነ የርስዎ ግቢ ውሃ የርስዎ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከላይኛው ጎረቤት አጥር ሥር ውሃ የሚገባ ከሆነ፣ ዝናብ እየዘነበ ሳለ በትሕትና ይጥሯቸውና አብረው ይዩት። ደርቆ ከተወራ ክርክር ነው፤ ሲወርድ ከታየ ግን ማንም አይክድም። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው አንድ 110 ቱቦ በአጥሩ ጥግ አድርጎ እስከ መንገዱ ቦይ መውሰድ ነው፣ ወጪውም ለሁለት ቤት ቀላል ነው። የመንገዱ ቦይ በሃይላንድ ፕላስቲክና በፌስታል ከተዘጋ ግን የሁለታችሁም ልፋት ተመልሶ ግቢ ይገባል። ለእድሩ ወይም ለሰፈሩ ወጣቶች ተናግረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጋራ ይጥረጉት፤ የወጣውን ደለል ግን ቦዩ ዳር አይከምሩት፣ የዚያኑ ዕለት ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ግድግዳው የሚደርቀው ውሃው ከቆመ በኋላ ነው፤ ጊዜውም ረጅም ነው። የተላጠውን ቀለምና የላላውን ልስን ከእርጥበቱ መስመር 30 ሴንቲ ሜትር በላይ ድረስ ፍቀው ያንሱ። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ አይጠቡት፤ ውሃ ያሟሟውና መልሶ ያስገባዋል። ቋሚ እንጨቶቹን በጠመንጃ መፍቻ ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ እንጨቱ ሳይለሰን ይቀየር። ከዚያ ክፍት አድርገው ይተዉት፣ ሶፋውንም ከግድግዳው ያራቁ። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ግድግዳው ላይ ለሁለት ቀን ይለጥፉ። ሲያነሱት በግድግዳው በኩል ያለው ፊት ላብ ካለበት ገና ነው። ደረቅ ከሆነ በጭድ በተቦካ ጭቃ ወይም አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ በሆነ ልስን ይሙሉት፤ ሲሚንቶ ጭቃ ላይ አይይዝም፣ ውሃም ያግታል። በላዩ የሚቀባውም የሚያስተነፍስ የውሃ ቀለም ይሁን።

ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ሲመጣ የተፋቀ ግድግዳ ማሳየት እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ለዚህ ኖራ አለ፤ ነጭ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግድግዳውንም አያፍንም። ውሃውን በባልዲ ቀድመው ያድርጉና ኖራውን በላዩ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ኖራ ላይ ውሃ ከተደፋ ይፈላና ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ። አንድ ሌሊት አሳድረው በወንፊት ያጥልሉት፤ ውፍረቱ እንደ ወተት ይሁን። በሰፊ ብሩሽ ሦስት ጊዜ ይቀቡት፣ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቀን እየጠበቁ። ሲቀባ ምንም ያልያዘ ይመስላል፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ስለዚህ አያወፍሩት፣ ወፍራም ኖራ ይረግፋል። እንዲይዝ ብለው ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ እርስዎ ግን አይጨምሩ፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ግድግዳዎ ደግሞ ከበቂ በላይ ጨው አለው። ሦስቱ ቅብ ከነመድረቂያው አራት አምስት ቀን ስለሚወስድ ጳጉሜን ሳይገባ ይጀምሩ።