ከንድፉ በፊት አፈሩን እወቂ

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። የተበከሉ ወንዞችንና የድሮ ፋብሪካ ቦታዎችን መናፈሻ የማድረግ ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በላንድስኬፕ ዲዛይን ልያዝ ወይስ በአካባቢ ምህንድስና?»

እኔን ብትሰሚኝ አካባቢ ምህንድስናን ያዢ። ሰው መናፈሻ ሲገባ የሚያየው ሳሩንና አግዳሚ ወንበሩን ነው። ከባዱ ሥራ ግን ከሥር ነው ያለው።

አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ ያለውን ጋዝ ወርክስ ፓርክ እይው። ድሮ የጋዝ ማምረቻ ነበር። ነዳፊው ሪቻርድ ሃግ አሮጌዎቹን ማማዎች አቆያቸው። የተበከለውን አፈር በሙሉ ዝቆ ከማውጣት ይልቅ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የቀረውን ዘይት የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እንዲበዙበት አደረገ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1975 ተከፈተ። ጽዳቱ ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሪባን ከተቆረጠ በኋላም ናሙና የሚወስድ፣ ውጤቱን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ሲቪል መማርሽም አይቆጭሽ። ሲንጋፖር ውስጥ በቢሻን ፓርክ ዳር 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ ነበር። ፈርሶ 3.2 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወንዝ ሆነ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ተከፈተ። ዳርቻውን የተክል ሥርና ድንጋይ ይይዘዋል። ውሃው ሲሞላ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሰውም በማስጠንቀቂያ ድምፅ ቀድሞ ይወጣል። ይህን ያለ ጎርፍ ስሌት ማን ይደፍረዋል?

አሁን ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አንድ አጭር የወንዝ ክፍል ምረጪ። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ፀሐይ ሳትወጣና ከቀትር በኋላ ለኪ። አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ይወስዳል። ቀን ብቻ ከለካሽ ወንዙ ጤነኛ ይመስልሻል፤ ዓሣው የሚሞተው ግን ሊነጋጋ ሲል ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን እዚያው ጻፊ፤ ቤት ስገባ እጽፋለሁ አትበዪ። ጓንት ሳታጠልቂ ደግሞ ውሃውን እንዳትነኪው፣ አደራ።

ዲዛይኑን ከወደድሽው አንድ ሁለት ኮርስ ጨምሪበት፣ ከነዳፊዎች ጋር ያግባባሻል።

ሥራ ስታመለክቺ የኦክስጅን ልኬቶችሽን በሠንጠረዥ አድርገሽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደለካሽ ሲጠይቁሽ የምትመልሺው አለሽ።