መምህር፣ ስለ ነገ ማለም እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንዴት ነዎት? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ነው የምተዳደረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል መሥራት፣ አንድ ቀንም የራሴን ስቱዲዮ መክፈት እመኛለሁ። ማታ ጋደም ብዬ የዛሬ አምስት ዓመት የት እንደምደርስ ሳስብ እንቅልፌ ይጠፋል። የምመኘውን ሁሉ በፎቶ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጓደኞቼ «በዓይነ ኅሊናሽ ካየሽው ይሆናል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ተይ ልጄ፣ ነገን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው» ትለኛለች። «አሁን ሥዕል ብትማሪ ምን ዋጋ አለው፣ ኮምፒዩተር በደቂቃ ይሠራዋል» የሚሉኝም አሉ። የአሁኑ ሥራዬ ሰልችቶኛል፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ማለሜ እምነት ማጣት ነው? በሥራዬ ለመታወቅ መፈለግስ ኃጢአት ነው? ከተሳካልኝ ብዬ ስእለት ልሳልም አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ጥያቄሽ አንድ መስሎ አራት አምስት ነው። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

አጭሩን ላስቀድም። ማለም ኃጢአት አይደለም፣ ማቀድም አይደለም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ተናግሯል (ሉቃ 14፥28)። ይሄ እንኳ ያንቺው ሙያ ነው። «ለነገ አትጨነቁ» ያለውም ራሱ ነው (ማቴ 6፥34)። ሁለቱ አይጣሉም። በቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማስላት አንድ ነገር ነው፣ ሌሊት ጣራ ጣራ እያዩ መብሰልሰል ሌላ። አንቺ የነገርሽኝ ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን መጀመርሽን ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም።

እናትሽ ያሉት እውነት ነው። ቅዱስ ያዕቆብም ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ ዓመት እንቀመጣለን፣ እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች ገሥጿቸዋል (ያዕ 4፥13-15)። ግን በምን እንደ ገሠጻቸው ልብ በይ። ከተማውን መርጠዋል፣ ጊዜውን ቆርጠዋል፣ ትርፉን ሳይቀር ቆጥረዋል፣ እግዚአብሔርን ግን የትም አላስገቡትም። እናም እንዲህ በሉ አላቸው፦ «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን።» እናደርጋለን! ተቀመጡና ጠብቁ አላላቸውም። እኛ ዘንድ «እግዚአብሔር ያውቃል» አንዳንዴ የፍርሃትና የስንፍና መደበቂያ ይሆናል። ሳያጠና ፈተና ገብቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ያለ ተማሪ ገጥሞኛል። እግዚአብሔርማ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው ልጁ ነው።

ወደ ግድግዳሽ ልምጣ። ፎቶ መለጠፍ በራሱ ምንም አይደለም፣ ለማስታወሻ ከሆነ እሰየው። የጓደኞችሽን አባባል ግን አልቀበለውም። የሰው ሐሳብ ነገርን ከምንም ያስገኛል የሚለው ትምህርት የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ካለመኖር ወደ መኖር የሚያመጣ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ደግሞ ጭካኔም አለበት። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ ያንቺ ይሆናላ፤ «በደንብ አላየሽውም፣ ከልብሽ አላመንሽም» ትባያለሽ። ከዚያ በኋላ በራሱ ላይ የሚያዝን፣ ይባስ ብሎም ጠንቋይ ቤት ሄዶ ዕድሉን የሚያስነግር ስንት ክርስቲያን አለ መሰለሽ።

ቅዱስ ጳውሎስም ዕቅድ ነበረው። ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው ላይ በእነሱ በኩል አልፎ ወደ እስጳንያ ሊሄድ እንዳሰበ በግልጽ ነግሯቸዋል (ሮሜ 15፥24)። ሮም ደረሰ፤ የደረሰው ግን እስረኛ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊትም ወደ እስያ ልሂድ ሲል ተከልክሏል፣ ወደ ቢታንያ ሲሞክርም መንፈስ አልፈቀደለትም (ሐዋ 16፥6-7)። ታዲያ ሐዋርያው «ሁለተኛ አላቅድም» ብሎ ቁጭ አላለም። በር ሲዘጋበት ሌላውን ይሞክራል፤ ሲታሰር ደግሞ ይጽፋል። ወደ ፊልጵስዩስና ወደ ቆላስይስ የላካቸውን መልእክቶች ዛሬ የምናነባቸው በእስር ቤት ሆኖ ስለጻፋቸው ነው። እስከዚያው እንጀራውን የሚያገኘው ድንኳን እየሰፋ ነበር (ሐዋ 18፥3)። ስለዚህ የሒሳብ ሥራሽን እንደ ውርደት አትዪው።

አሁን አንድ ነገር እንድታደርጊ ልጠይቅሽ። ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ተመልከቺ። በስንቱ ላይ ሰው እየሠራ ነው? እኔ ጋ መጥተው ምኞታቸውን የሚያጫውቱኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ ደስ ይሉኛል፣ እሰማቸዋለሁ። የሚነግሩኝ ግን ሁልጊዜ የበዓሉን ቀን ነው። የምረቃውን፣ የኤግዚቢሽኑን መክፈቻ፣ ሰው ተሰልፎ መጽሐፍ ሲያስፈርም፣ ብርሃን የሞላበት ቤት፣ መስኮት አጠገብ የቀረበ ቡና። ማክሰኞን የሚነግረኝ የለም። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ማክሰኞን ነው። የዚያች ሠዓሊ ማክሰኞ ምን ይመስላል? ደንበኛው ሥዕሉን ሦስቴ አስቀይሮ ክፍያውን ለወሩ መጨረሻ ገፍቶታል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ወገቧን አሟታል፣ የቤት ኪራዩ ደርሷል፣ ነገ ረቡዕ ነው ጾም አለ፣ እናቷም ደውለው «ዘመድ ታሟል እንጠይቀው» ብለዋል። ይህን ሁሉ አስበሽው አሁንም ልሣል ልሣል ካለሽ፣ እኔ እንጃ፣ ከእግዚአብሔር የተሰጠሽ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሥዕሉ ቀርቶ ጭብጨባው ብቻ ከሆነ የሚናፍቅሽ ግን አሁኑኑ ብታውቂው ይሻልሻል።

የቅዱስ ያሬድን ትል ታሪክ ሁሉም ሰው ስለሚነግርሽ እኔ አልደግመውም። የቅኔ ቤቱን ልንገርሽ። ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ ሄዶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የሚያድረው። ውሻ ይነክሰዋል፣ ረኀብ አለ፣ ብርድ አለ። እንዲህም ሆኖ አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ፣ አለበት። ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ የደከመበት በአንድ ቃል ይፈርሳል። ተመልሶ ይቆጥራል። ሙያው ደርሶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ሲያቀርብም ያቺ ቅኔ በዕለቷ ተባለች፣ አለፈች፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ አዲስ ይፈለጋል። ስንቱ ድንቅ ቅኔ ሳይጻፍ ቀርቷል! ፈጠራ ማለት እኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ይሄ ነው፤ ከነልመናው፣ ከነእርማቱ። መነሣሣት እስኪመጣ የሚጠብቅ የቅኔ ተማሪ አላየሁም።

ስለ መታወቅ ጠይቀሻል። ስምሽ መጽሐፍ ላይ ቢጻፍ ኃጢአት የለበትም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ ጣና ላይ በደጋ እስጢፋኖስ ካለው ሥዕሉ ጋር ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። በኦሪትም ድንኳኑን የሠራው ባስልኤል በስሙ ተጠርቶ፣ የአባቱም ነገዱም ተጠቅሶ ነው የተመሰገነው (ዘጸ 31፥2-5)። እንዲያውም እዚያ ላይ የሚገርመኝ፣ እግዚአብሔር መንፈሱን ሞላሁበት ያለው በወርቅ፣ በብር፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው። የእጅ ሙያ! ስለዚህ ሥዕልን «የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ነው» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ቀጥሎ ደግሞ ሌሎችን የማስተማር ልቡና እንደተሰጠው ተጽፏል (ዘጸ 35፥34)። ሙያሽ ለራስሽ ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን ያሳስበኛል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታውቂያቸዋለሽ መሰለኝ፤ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩና ሙዚቃን እዚያ ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘዋል። በኋላ ካይሮ ሄደው ተማሩ። የወጣትነት ሕልማቸው ትልቅ ፒያኒስት መሆን ነበር፤ ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ግን ሳይሆን ቀረ። በጣም አዘኑ። ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱና ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በሰው ስሌት ሕልሙ እዚህ ላይ አለቀ ነው የሚባለው። እሳቸው ግን በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። ጎንደር ሳሉ የዜማ ተማሪዎች እየለመኑ፣ ሜዳ ላይ እያደሩ ሲማሩ አይተው ልባቸው ተነክቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያወጡም ገቢውን ለችግረኞች ነው ያዋሉት። የኋላውን ዕድሜያቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ካረጁ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው ግድግዳቸው ላይ ፎቶ ለጥፈው ቢሆን ኖሮ የግሸን አምባ እዚያ ውስጥ የሚኖር አይመስለኝም።

ይህን ስልሽ «አንቺም መንኩሺ» እያልኩሽ አይደለም፣ አትደንግጪ! የሚያምረው ሕይወት አስቀድመሽ በሳልሽው በኩል ላይመጣ ይችላል ለማለት ነው።

ኮምፒዩተሩን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። ገበያው ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ከግንቡ ኪሳራ ጋር አብረሽ ቁጠሪው። ነገር ግን ሠፈርሽ ያሉትን ልጆች የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ፤ ምን እንደሚያስቃቸው፣ የጥምቀት ዕለት ምን ዓይነት ቀሚስ እንደሚለብሱ፣ አያታቸው መቋሚያ እንዴት እንደሚይዙ። ማሽኑ በፍጥነት ስለሠራ አንቺ መማርሽ ከንቱ አይሆንም። ሰው ሲሥል ራሱም ይቀረጻል፤ መታገሥን፣ ማየትን ይማራል።

«ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ላልሽው ቅዱስ እንጦንስ ይመልስልሽ። በበረሃ ሳለ መሰልቸት ያዘው፣ ሐሳቡም ተበታተነበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጸለየ። ወጣ ሲል እሱኑ የሚመስል ሰው ተቀምጦ ሲሠራ አየ። ሰውዬው ሥራውን ትቶ ይነሣና ይጸልያል፣ ደግሞ ይቀመጥና ገመዱን ይገምዳል፣ እንደገና ተነሥቶ ይጸልያል። የእግዚአብሔር መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። በቃ፣ ሌላ ምንም አልጨመረለትም።

ያንቺም ቀን እንደዚሁ ቢሆንስ? ጠዋት ነግህን ጸልየሽ ከሥራ በፊት ትንሽ ሣዪ። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይሁን (ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ እኔንም ይከብደኛል)። ከዚያ ሒሳብሽን በታማኝነት ሥሪ። ማታ ጸሎትሽን አድርሰሽ ተኚ፤ አምስት ዓመቱን ለባለቤቱ ስጪው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደሽ ለሕፃናቱ ሥዕል ላስተምር ብትያቸው እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። ሥራ ለመልቀቅ ካሰብሽ ደግሞ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ስንት ወር መኖር እንደምትችዪ አስዪ፣ ቢያንስ ጥቂት የሚከፍሉ ደንበኞችም ይኑሩሽ። ቤተሰብ በደመወዝሽ የሚረዳ ከሆነ እነሱንም አማክሪ።

በመጨረሻ ስእለቱ። ቤተ ክርስቲያን ስእለትን ታውቃለች፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውን ሕዝብ ታያለሽ፣ ጃንጥላ የሚያስገባው፣ ጧፍ የሚያመጣው ስንቱ ነው። መጽሐፍ ግን ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል (መክ 5፥4-5)። ያንቺን ስእለት ሳየው የቸገረኝ «ከተሳካልኝ» የሚለው ነው። መቼ ነው የተሳካልሽ የሚባለው? የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ? ስቱዲዮው ሲከፈት? ሰው መንገድ ላይ ሲያውቅሽ? ይህ ካልተለየ ስእለቱን የምትከፍዪበት ቀን አይመጣም፣ ሁሌ «ገና ነው» ትያለሽ። ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ውል መደራደርም አይገባም፤ ስቱዲዮ ባይሰጥሽም አምላክሽ ነው። መሳል ካለብሽ ቁርጥ ያለ፣ አቅምሽ የሚችለውን፣ ሌላ ሰው ዕዳ ውስጥ የማይከት ነገር ይሁን። ከመሳልሽም በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ኑሮሽን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፣ «ቆይ» ካሉሽም ቆዪ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።